ልጁን ብቻ ከማዕድ አትለዪው

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ወንድ ነው፤ 10 ዓመቱ፣ አራተኛ ክፍል። ካለፈው ዓመት ወዲህ በጣም ወፍሯል። ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፤ ትምህርት ቤት ኳስ ሲጫወቱ በረኛ ካላደረጉት አይገባም፤ ሰፈሩ ሁሉ ‹ድንቡሼ› ነው የሚለው። ሴቷ 8 ዓመቷ ነው። እሷ ደግሞ አትበላም፤ ምሳ ዕቃዋን እንደሄደ ትመልሰዋለች። ባለቤቴ አራዳ ሱቅ አለው፤ ማታ ብስኩትና ለስላሳ ሳይዝ አይገባም። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ‹ልጁን አታስርቢው› ይሉኛል፤ እኔ ስከለክለው እሳቸው ተደብቀው ያጎርሱታል። ትምህርት ቤቱ በእግር ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ጊዜው ጥሩ ስላልሆነ ግን በኮንትራት ባጃጅ ነው የሚመላለሱት። እኔ ራሴ ከወለድኩ ወዲህ ስለወፈርኩ ጠዋት ቡና ብቻ ጠጥቼ እውላለሁ፤ እራትም ትቻለሁ። ልጁን ግን እንዲህ ማድረግ አልቻልኩም። ለብቻው ቀለል ያለ ምግብ ላበስልለት፣ ብስኩቱንም ልቆልፍበት አስቤያለሁ። ምን ዓይነት ዳይት ልጀምርለት?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ከጎንደር

እህቴ፣ ዳይት አትጀምሪለት። የ10 ዓመት ልጅ ገና አድጎ አልጨረሰም። በዚህ ዕድሜ ላለ አብዛኛው ልጅ የሚፈለገው ክብደቱን ማራገፍ ሳይሆን፣ ክብደቱ ባለበት ረገብ ብሎ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ምግብ ብትነሽው አጥንቱና ጡንቻው የሚገነባበትን ነው የምትነሽው። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን «ለብቻው» ያልሽው ነው። ቤተሰቡ አንድ ትሪ ከቦ ሲበላ እሱ ጥግ ላይ የተቀቀለ ካሮት በሳህን ቢቀርብለት «ጤናዬን ሊጠብቁልኝ ነው» ብሎ አያስብም፤ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብሎ ነው የሚያስበው። እኛ አገር ከማዕድ መለየት ቅጣት መሆኑን ልጅም ያውቀዋል።

የጠየቅሽኝ ስለ ልጆቹ ነው፤ እኔ የምመልስልሽ ግን ባመዛኙ ስለ እናንተ ስለ ትልልቆቹ ይሆናል። ቅር አይበልሽ። ገበያ የሚወጣው፣ የሚያበስለው፣ የሚያጎርሰው፣ ለባጃጁ የሚከፍለው ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹ በደረሱበት ቤት ነው የሚኖሩት።

ከአንቺ ልጀምር። ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ነገር አለ፦ ጠዋት ቡና ብቻ ጠጥተሽ ትውያለሽ፣ እራትም ትተሻል። ከፍ ብለሽ ደግሞ ሴቷ ልጅሽ እንደማትበላ ነግረሽኛል። ሁለቱን አላገናኘሻቸውም። የ8 ዓመት ሴት ልጅ እናቷን እንዴት እንደምታይ ታውቂዋለሽ፤ ነጠላ አጣጣልሽን ትቀዳለች፣ ስልክ ስታነሺ የምትለውጪውን ድምፅ ትቀዳለች። ቁርስ ሲቀርብ «እኔ ይቅርብኝ» ማለትሽን፣ ቀሚስ ስትለኪ «ወይ ይሄ ሆድ!» ማለትሽን አትሰማም ብለሽ ነው? አለመብላቷ ሁሉ ከዚህ መጣ አልልሽም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለሽ ቁርስ ብዪ፤ ትንሽም ቢሆን፣ እያዩሽ። ስለ ክብደትሽ በእነሱ ፊት አታንሺ። «ድንቡሼ» የሚለውንም ቤታችሁ ውስጥ ማንም እንዳይጠራው አድርጊ፤ የሰፈሩን ማስቆም ባትችዪ የቤቱን ትችያለሽ። (በነገራችን ላይ ቀኑን በቡና ውሎ ማታ ማታ ከልጆች ትራፊ መቃመስ ማንንም ሲያከሳ አላየሁም።)

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። አልወቅሰውም። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውሎ ልጆቹን የሚያገኛቸው ሊተኙ ሲሉ ነው፤ ባዶ እጁን መግባት ይከብደዋል። ይሄ የናንተ ቤት ብቻ አይደለም። በሩ ሲንኳኳ ልጆች የሚሮጡት ወደ ፌስታሉ ነው። ከእጁ ነጥቀው ምንጣፍ ላይ ይዘረግፉታል፤ ክሬም ባለው ብስኩት ይጣላሉ፤ አባት ጫማውን ሳያወልቅ ለስላሳው ተከፍቷል። ወጡ ሲሞቅ አንዱ ጠግቧል፣ ሌላዋ «አልፈልግም» ትላለች፣ እናት ትቆጣለች፣ አያት ያባብላሉ። እንዲህ ነው ማታው የሚያልፈው።

እስቲ ስኳሩን እንቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብና መጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የምናገኘው ጉልበት በቀን ከምናገኘው ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ ይመረጣል። ለልጅሽ ዕድሜ 10 በመቶው ወደ 45 ግራም ገደማ ነው፤ ማለትም 11 የሻይ ማንኪያ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም ያልፋል። ጠዋት ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ከጠጣ 12 ግራም ጨምሪበት። ብስኩቱን ገና አልቆጠርነውም፤ በትምህርት ቤቱ በር የሚሸጠውን ከረሜላም እንዲሁ።

እና ምን ይያዝ? ፌስታሉ ይቅር አልልም፤ ውስጡ ይቀየር። አራዳ ላይ ብርቱካን አለ፣ ሙዝ አለ፣ በወቅቱ ዘይቱንና ማንጎ፣ የሽንብራ እሸት ሲደርስ ደግሞ ከነግንዱ አንድ እስር ይዞ ቢገባ ልጆቹ እየፈለፈሉ ከእሱ ጋር ቁጭ ይላሉ። ኳስ ወይም የሚዘለል ገመድ ይዞ የገባ ዕለት ደግሞ አያያዛቸውን ታዪዋለሽ። ለስላሳው ለበዓልና ለእንግዳ ይሁን። ፈጽሞ ይጥፋ ብትዪ ክርስትና ቤት በሄዳችሁ ቁጥር ጦርነት ነው፤ አያዋጣም።

ቁልፉንም ተዪው። ዓይኑ እያየ የተከለከለውን ምግብ ልጅ ይበልጥ እንደሚመኘው፣ ያገኘው ዕለት ደግሞ ሳይርበውም እንደሚበላው በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሌለ ቁልፍም ክርክርም አያስፈልግም፤ ስለዚህ መቆለፍ ሳይሆን አለመግዛት ነው። ሌላም አንድ ልማድ አለን፦ «ጎመኑን ከጨረስክ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ»። ልጁ ከዚህ የሚማረው ጎመን ዕዳ፣ ቸኮሌት ሽልማት መሆኑን ነው። «ጎመን በጤና» ብለው ላሳደጉን ሰዎች ልጆች ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

አማትሽ ጋ ሲደረስ ለዘብ በዪ። የ77ን ክፉ ቀን ያየ ትውልድ ነው። ለእሳቸው የከሳ ልጅ ወይ ታሟል ወይ ተርቧል፤ የወፈረ ልጅ ደግሞ ቤቱ ሞልቷል ማለት ነው። «አታስርቢው» የሚሉሽ አንቺን ለመቃወም ሳይሆን ያንን ዘመን ስለሚያስታውሱ ነው። ጉርሻቸውን ከልክለሽ አታሸንፊያቸውም፤ ልጁም ከእናት እምቢ ሲባል አያት ጋ መሮጥን ይማራል፤ ተምሯልም። ንግግሩን ባለቤትሽ ያድርገው፤ እናቱ ናቸው፣ ከእሱ ሲመጣ አይከብዳቸውም። አንቺ ደግሞ ሥራ ስጫቸው። የልጆቹ መክሰስ ከዛሬ ጀምሮ የእምዬ ይሁን፦ የደምቢያ ሽንብራ ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ ለውዝ ጣል ተደርጎበት፣ የድፎ ዳቦ ቁራሽ። ማጉረስ የሚወዱ እጆች ቆሎ ሲያፍሱ ይዋሉ። ልጆቹ «የድሮ ሰው ምግብ» ብለው እንዳይንቁት መጀመሪያ አንቺና አባታቸው ዝገኑለት። ቤት ውስጥ ትልልቁ ሰው ብስኩት እየበላ ለልጅ ንፍሮ መዝገን አይሆንም።

ጉርሻን በተመለከተ አንድ ደንብ ብትስማሙ ጥሩ ነው። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ ትልቁ ሰው ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ልጁ ይወስን። «ጠገብኩ» ሲል ይታመን። ልጅ ሆዱ ሞላ ሲለው ሁልጊዜ «አንዲት ብቻ፣ በሞቴ!» ከተባለ፣ ጥጋብን ከሆዱ ሳይሆን ከሰው ፊት ማንበብ ይለምዳል። ይሄው ደንብ ለሴቷም ይሠራል፤ እሷን በማንኪያ ማሳደድ፣ መለመን፣ ከወንድሟ ጋር ማወዳደር ይቁም። አዲስ ነገር ስትሰጫት አንዴ ተፋችው ብለሽ አትተዪው። ልጅ አንድን አትክልት እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ አብዛኛው ቤት በሦስተኛው ተስፋ ይቆርጣል። በየጊዜው ከትሪው ጠርዝ ጥቂት አድርጊ፤ አንቺ ብዪ፤ ዝም በዪ።

ስለ ማዕዱ ራሱ ብዙ አልልም፤ የጎንደር ማዕድ በመሠረቱ አይታማም። እንጀራ በሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ዕንቁላል፣ የጾም ሲሆን ስልጆና የሱፍ ፍትፍት፤ ሐኪም የሚያዘው ይኸው ነው። የሚበላሸው በዳር በዳሩ ነው። ምሳ ዕቃ ውስጥ በየቀኑ ነጭ ማካሮኒ ወይም ኢንዶሚ መክተት አንዱ ነው፤ ኢንዶሚው ጨው ይበዛበታል፣ ቶሎም ያስርባል። ልጅሽ ምሳ ዕቃዋን የምትመልሰው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደርቆና ተጣብቆ ስለሚጠብቃትም ሊሆን ይችላል፤ እስቲ ቀዝቅዞ ቅመሺው። እንጀራ ፍርፍር በቲማቲም፣ ቂጣ ወይም ዳቦ በተቀቀለ ዕንቁላል፣ በጾም ዳቦ በለውዝ ቅቤ ሲቀዘቅዝም ይበላል። ምን ብትይዝ እንደምትፈልግ ማታ ጠይቂያት፤ ከሁለት ነገር አንዱን ትምረጥ።

ሌላው ሻይ ነው። ምግብ ላይ ሻይ መጠጣት ልማዳችን ሆኗል፤ ሻይ ግን ከሽሮው፣ ከምስሩና ከጤፉ የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ለቀጫጫ ልጅ ይሄ ቀላል አይደለም። ሻዩ ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ስኳሩም ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ቆይቶ ወደ አንድ ይውረድ። በምግቡ ሰዓት ውሃ ይቅረብ። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም አንድ ብርቱካን ከሽሮው ጋር ሲበላ ብረቱ በተሻለ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ስለዚህ ሰላጣው ጌጥ አይደለም።

ስለ ጾም አላነሳሽልኝም፤ ልጆቹ በጾም ዕድሜ ላይ ናቸውና ልንካው። ይጹሙ አይጹሙ፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሴቷ እንደማትበላም ንገሯቸው። የእኔ ጉዳይ ጾሙ የሚፈታበት ነው። እስከ ስድስት ወይም ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ልጅ እጁ ላይ የሚያገኘው ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ከሆነ፣ ጾሙ በዘይት ነው ያለቀው። ሽሮውና የሰሊጥ ፍትፍቱ ከልጁ ቀድመው ይድረሱ።

አሁን ወደ ባጃጁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያው ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ እንዲመታ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ተጠራቅሞ ነው። የልጆችሽ ትምህርት ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው ብለሻል፤ ደርሶ መልስ አርባ። ያውም በጎንደር ዳገት! ባጃጁ በየቀኑ ከስልሳው አርባውን ደቂቃ እየወሰደባቸው ነው፤ አንቺም በወር በወሩ ትከፍይበታለሽ።

«ጊዜው ጥሩ ስላልሆነ» ያልሽውን ግን አላቃልለውም። ልጅን ለብቻው ልቀቂ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሚም። ጠዋት አባታቸው ወደ አራዳ ሲወጣ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ተነስቶ ይዟቸው ቢሄድስ? የጎረቤት ልጆችም እዚያው የሚማሩ ካሉ ሦስት አራት ቤት ተስማምታችሁ በየተራ አንድ ትልቅ ሰው ይሸኛቸው፤ በቡድን መሄድ ለደኅንነትም ይሻላል። ጠዋቱ ብቻ ቢሆን እንኳ ግማሹ ተመለሰ። መንገዱ የማያስተማምን የመሰለሽ ቀን ባጃጁ አለ።

ባለቤትሽን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ፣ በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ከነወላጆቻቸው ያጠና ምርምር አለ። እናታቸው የምትንቀሳቀስ ልጆች ንቁ የመሆን ዕድላቸው ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ነበር፤ አባታቸው የሚንቀሳቀስ ከሆነ 3.5 እጥፍ፤ ሁለቱም ከሆኑ ወደ ስድስት እጥፍ ተጠግቷል። አገሩ ሌላ ነው፣ ልጆቹም ከአንቺዎቹ ያንሳሉ፤ ነገሩ ግን ለእኛም እንግዳ አይደለም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ያን ሁሉ መንገድ ልጅሽ እየዘለለ ነው የሚሄደው። «ደከመኝ» የሚለው ልጅ ያን ቀን የት ይገባል? ሁሉ ሰው ሲሄድ እሱም ይሄዳል።

እና አባት ኳስ ይምታ። የአራዳ ነጋዴ ነውና የፋሲል ከነማ ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም፤ በ2013 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ ከተማው እንዴት እንደነበር ታስታውሺዋለሽ። ማየቱ ጥሩ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን አንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ሜዳ ይውረድ። ልጅሽ በረኛ የሚሆነው በውፍረቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ኳስ እግሩ ላይ አልለመደችም። እኩዮቹ እየሳቁበት አይለማመድም፤ ከአባቱ ጋር ግን ይለማመዳል። ኳስ ማቆምና ማቀበል የቻለ ዕለት ማንም ሳይጎትተው ይገባል።

ሌላ ልጠይቅሽ፦ ግቢውን የሚጠርገው ማነው? ጄሪካን የሚያነሳው፣ ዕቃ የሚያጥበው? በብዙ ቤታችን መልሱ ይታወቃል፤ እህት ጎንበስ ቀና ስትል ወንድም ሶፋ ላይ ስልክ ይዟል፤ «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል» የሚልም አይጠፋም። ውሃ ማመላለስ፣ መጥረግ፣ ልብስ ማስጣት እንቅስቃሴ ነው። ሥራው ለሁለቱ እኩል ይከፈል። ሴቷ ደግሞ በበኩሏ ትጫወት፤ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ግቢ ውስጥም ይሆናል። ከቤት በማይወጣበት ቀን እስክስታ አለላችሁ፤ ጎንደር ተቀምጦ የእስክስታ አስተማሪ አይታጣም፣ አማትሽም ትከሻቸው የሚረሳ አይመስለኝም።

ስልክና ቴሌቪዥን በምግብ ሰዓት ይጥፉ፤ ልጅ ዓይኑ ስክሪን ላይ ሆኖ ምን ያህል እንደበላ አያውቅም። የአባትም ስልክ ይጨምራል። በዚህ ዕድሜ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋልና አባታቸውን ሲጠብቁ አምሽተው የሚተኙ ከሆነ እራቱን እሱ ሳይመጣ ብሉ፤ እሱ ጠዋት መንገዱ ላይ ያገኛቸዋል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪው፤ ቤቱ ያምፅብሻል። እኔ ብሆን በፌስታሉና በአንቺ ቁርስ እጀምራለሁ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። መንገዱ ቀጥሎ ይምጣ።

ከዚህ ጋር ሁለቱንም ልጆች ጤና ጣቢያ ውሰጂያቸው። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ ናት፤ ልጆችሽን የሚመዝንልሽ ሰው አታጪም። ቁመትና ክብደታቸው ከዕድሜያቸው ጋር ይታይ፤ በዓይን «ወፍሯል፣ ከስታለች» ማለት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የልጁ ማለክለክ ከውፍረት ሳይሆን ከአስም ሊሆን ይችላልና ደረቱን ያዳምጡት፤ ሲተኛ የሚያንኮራፋ ከሆነም ንገሪያቸው። ለሴቷ የደም ማነስና የአንጀት ትል ምርመራ ጠይቂ። ውሃ ውሃ የምትል፣ ሌሊት ለሽንት የምትነሳና እየከሳች የምትሄድ ከሆነ ግን ነገ ዛሬ አትበዪ፤ የስኳር ምርመራ በዚያው ቀን ያስፈልጋታል። ለልጆቹ «የትምህርት ቤት ምርመራ ነው» በያቸው፤ አንቺም አብረሽ ተመዘኚ። ባለሙያው የልጁን ኪሎ ሲነግርሽ ደግሞ ለአማትሽም ለጎረቤትም አትድገሚው።